አትላንቲስ፦ ወደብ የሌላት የጭነት መርከብ 622 ቀን ባሕር ላይ እንዴት ቆየች?

ዳዊት ኬ.

ሰላም ቤተሰብ። ስለ ምሥራቅ አፍሪካው ዘመቻ ሳነብ አንድ ነገር አልለቅ አለኝ። በኖቬምበር 1940 ዱርሚቶር የምትባል የዩጎዝላቪያ መርከብ ያኔ በጣሊያን እጅ በነበረችው ሶማሊያ፣ ዋርሼክ የምትባል ትንሽ የባሕር ዳር ከተማ ጋ መጥታ ትቆማለች። የጫነችው ጨው ነው። ጨው ላይ ደግሞ ከ200 በላይ የተራቡ ምርኮኞች አሉ። አብዛኞቹ ከእንግሊዝ የንግድ መርከቦች ላይ የተያዙ ናቸው።

ይህን ሁሉ ሰው የማረከው ጣሊያን አይደለም። አትላንቲስ የምትባል አንዲት የጀርመን መርከብ ናት። እሷም ብትሆን ለጦርነት የተሠራች አይደለችም። ዕቃ ጫኝ ነበረች።

እስቲ አስቡት። ያን ጊዜ የሕንድ ውቅያኖስ ዙሪያውን የእንግሊዝ ነው። ሞምባሳ፣ ኤደን፣ ቦምቤይ፣ ኮሎምቦ፣ ሲንጋፖር፣ ሁሉም። አንዲት የጀርመን መርከብ እዚያ መሀል እንዴት ገባች? ነዳጅ ከየት አመጣች? ውኃስ? 622 ቀን ባሕር ላይ ቆየች የሚለው ቁጥር እውነት ነው ወይስ ሲወራ ያበጠ? መርከብ የሚያውቅ ሰው ካለ በደንብ ቢያስረዳኝ። ቀኖቹን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።


ቺፍ

ዳዊት፣ ቁጥሩ አላበጠም። ግን ከየት ተነስቶ እንደሚቆጠር እወቅ። 622 የሚመጣው ጉዞ ከጀመረችበት ከማርች 11፣ 1940 እስከሰጠመችበት እስከ ኖቬምበር 22፣ 1941 ድረስ ሲቆጠር ነው። መጀመሪያ እዚያው ጀርመን አካባቢ ስትጠብቅ ቆይታ፣ ጨርሳ ወደ ውቅያኖስ የወጣችው ማርች 31 ነው። ከዚያ ከቆጠርከው 600 ገደማ ይሆናል። ለእኔ ያም ቢሆን የሚያስደነግጥ ነው።

እኔ የመድፍ ሰው አይደለሁም። ዕድሜዬን የጨረስኩት በጭነት መርከብ ሞተር ክፍል ውስጥ ነው። ስለዚህ ይህን ታሪክ የማየው ከታች ነው፣ ከሞተሩ። የታሪክ ጸሐፊዎች ስለ ካፒቴኑ ብልሃት ብዙ ይላሉ። ብልህ ነበር፣ አልክድም። ግን ሞተሩ ባይኖር ብልሃቱ ሁለት ወር አይዘልቅም ነበር።

መርከቧ ስትወለድ ስሟ ጎልደንፌልስ ነበር። ብሬመን አጠገብ፣ ፌጌዛክ ላይ፣ ብሬመር ቩልካን የሚባለው መርከብ ሠሪ በ1937 መጨረሻ ውኃ ላይ አወረዳት። ባለቤቷ ሃንዛ የሚባለው የብሬመን ኩባንያ ነው። ይህ ኩባንያ ዋና ሥራው ከጀርመን ወደ ሕንድና ወደ ምሥራቅ መመላለስ ነበር። እንግዲህ አስበው። በዚያ መስመር የምትሠራ መርከብ ሩቅ መሄድ አለባት። ነዳጇ ብዙ፣ ሆዷ ሰፊ፣ ክሬኗ ጠንካራ መሆን አለበት። ጎልደንፌልስ 7,862 ቶን ነበረች፣ ርዝመቷ 155 ሜትር። የጀርመን ባሕር ኃይል አድፋጭ መርከብ (የንግድ መርከብ መስላ ሌሎችን የምታጠምድ) ሲፈልግ ከዚህ ኩባንያ ደጋግሞ የወሰደው በአጋጣሚ አይመስለኝም። ፒንግዊን የምትባለው አድፋጭም ካንደልፌልስ የምትባል የዚሁ ኩባንያ መርከብ ነበረች። በአንደኛው የዓለም ጦርነት 451 ቀን ባሕር ላይ የቆየችው ቮልፍም ቫክትፌልስ የምትባል የሃንዛ መርከብ ነበረች።

አሁን ወደ ሞተሩ። ማን (MAN) የተባለው የጀርመን ፋብሪካ የሠራቸው ሁለት ናፍጣ ሞተር ነበራት። ፍጥነቷ 17 ተኩል ኖት፣ ማለትም በሰዓት 17 ተኩል የባሕር ማይል ይደርሳል። ለጭነት መርከብ በዚያ ዘመን ፈጣን ናት። ዋናው ነገር ግን ፍጥነቱ አይደለም። በ10 ኖት ቀስ ብላ ከሄደች 60,000 የባሕር ማይል የሚያስኬድ ነዳጅ መያዝ ትችል ነበር። ያም ማለት ምድርን ሁለት ጊዜ ዞራ ትርፍ አላት። የጦር መርከብ እንዲህ አይችልም። ክሩዘር የሚባለው የጦር መርከብ ለፍጥነት ስለተሠራ ነዳጅ ሲጠጣ ጉድ ነው፤ ቶሎ ቶሎ ወደብ መግባት አለበት።

ሌላም አለ። የእንፋሎት መርከብ ቦይለሩን ማሞቅ አለበት፣ ያ ሰዓታት ይፈጃል። ጭሱም ከአድማስ ማዶ ያጋልጠዋል። የናፍጣ ሞተር ግን ታጠፋዋለህ፣ ዝም ብለህ ትንሳፈፋለህ፣ ሲያስፈልግህ በደቂቃዎች ውስጥ ታስነሳዋለህ። አትላንቲስ ብዙ ጊዜ ያደረገችው ይህንኑ ነው። የመርከብ መንገድ ላይ ሞተሯን አጥፍታ ትጠብቃለች። ማገዶ ሳታነድ የምታደባ ማለት ነው።

ትጥቋስ ካልከኝ፣ ስድስት ባለ 150 ሚሊሜትር መድፍ ነበራት። አዲስ እንዳይመስልህ። ሽሌዚየን ከተባለች ያረጀች የጦር መርከብ ላይ የተነቀሉ ናቸው። ቶርፔዶ፣ 92 የባሕር ፈንጂ፣ የባሕር አውሮፕላንም ነበራት። ሰዉ 350 ገደማ። መድፎቹ የሚከፈት የብረት መከለያ ጀርባ ተደብቀዋል። ከውጭ ስታያት ዕቃ ጫኝ ናት፣ አለቀ።


ቢኒ77

ጋሽ ቺፍ እናመሰግናለን። እኔ የማውቀው የመልክ መቀየሩን ነው። ሲነሱ የሶቪየት መርከብ ኪም ነን አሉ። ወደ ደቡብ ሲወርዱ ደግሞ የሶቪየት መርከብ እዚያ ምን ይሠራል ተብሎ እንዳይጠረጠር ካሲ ማሩ የምትባል የጃፓን መርከብ ሆኑ። ጃፓን ያን ጊዜ ገና ጦርነቱ ውስጥ አልገባችም። ቀለም ብቻ አይደለም የለወጡት። ጸጉራቸው ጥቁር የሆኑ መርከበኞች ተመርጠው የጃፓን ልብስ ለብሰው ከላይ ይታያሉ። አንዱ እንደ ሴት ለብሶ ባዶ የሕፃን ጋሪ ይገፋል። ሌላው ከእይታ ውጭ ነው።

በሜይ 2፣ 1940 ሲቲ ኦፍ ኤክሰተር የምትባል የእንግሊዝ መርከብ በአጠገባቸው አለፈች። መንገደኛ ስለጫነች የአትላንቲስ ካፒቴን ሮጌ አልነካትም። የእሷ ካፒቴን ግን ነገሩ አልዋጥ ብሎት ስለ አንዲት አጠራጣሪ መርከብ ሪፖርት አደረገ። በማግስቱ ሳይንቲስት የምትባለውን መርከብ ያዙ። የመጀመሪያዋ ሰለባ እሷ ናት። በአጠቃላይ 22 መርከብ፣ ከ140,000 ቶን በላይ።

ኮሎምቦ ‘ጃፓን መስላ የምትሄድ የጀርመን መርከብ አለች’ ብላ በራዲዮ ስታስጠነቅቅ ደግሞ ወዲያው አቤከርክ የምትባል የሆላንድ መርከብ ሆነው ተቀቡ። ራዲዮውን ራሳቸውም ይሰሙ ነበራ።


ሊዲያ መ.

ይቅርታ፣ ወሬውን ላበላሽባችሁ ነው። ሁላችሁም እንደ ጀብዱ ነው የምታወሩት። እነዚህ ሰዎች የሂትለር ባሕር ኃይል ናቸው። መሣሪያ የሌለውን የንግድ መርከብ ተመሳስለው ጠግተው በመድፍ ይመታሉ። ይህ ሽፍትነት እንጂ ጦርነት ነው? ዳዊት የጠቀስካቸው ምርኮኞችስ ማን ይቁጠራቸው? ጨው ላይ ወር ሙሉ ተኝተው የመጡት።


ቺፍ

ሊዲያ፣ አላበላሸሽም። እንዲያውም ጥሩ ቦታ ላይ ነው የመጣሽው። እኔ የንግድ መርከብ ሰው ነኝና ልቤ ከእነማን ጋር እንደሆነ መገመት አያቅትሽም። ከታች ሞተር ክፍል ያለ ሰው ከላይ የሚሆነውን አያይም። ጥይቱ ሲገባ ነው የሚያውቀው።

ስለ ሕጉ በአጭሩ ልበል። በባሕር ጦርነት ልማድ የሌላ አገር መርከብ መስሎ መቅረብ ይፈቀዳል። መተኮስ የሚቻለው ግን የውሸቱን ባንዲራ አውርዶ የራስን ከሰቀሉ በኋላ ነው። ሮጌ ይህን ያከብር ነበር። መጀመሪያ ‘ቁም፣ ራዲዮ አትጠቀም’ የሚል ምልክት ያሳያል። ችግሩ ያለው ራዲዮው ላይ ነው። የእንግሊዝ መርከቦች አድፋጭ ሲያዩ ኪው ኪው ኪው ብለው እንዲልኩ ታዘዋል። ስለዚህ የራዲዮ ኦፕሬተሩ ቁልፉን ከነካ መድፉ ወዲያው ወደ ራዲዮ ክፍሉና ወደ ብሪጁ፣ ካፒቴኑ መርከቧን ወደሚመራበት ክፍል፣ ይዞራል። ብዙ ሰው የሞተው በዚህ ነው። ራዲዮ የነካው ሥራውን የሠራ ሰው ነው። እኔ ለእሱ ነው ባርኔጣዬን የማነሣው።

ከምርኮኞቹ ጋር በተያያዘ፣ ሮጌ በደንብ ይይዛቸው ነበር የሚለው ከራሳቸው ከተማረኩት ብዙዎቹ የመሰከሩት ነው። እሱ ራሱ ከአያቶቹ በአንዱ በኩል የአይሁድ ደም ነበረውና በናዚዎች ዘመን በሥራው የቆየው በልዩ ፈቃድ ነው። ግን ጨዋነቱ መርከቧ ላይ ነው የሚያበቃው። ምርኮኛ ሲበዛ ወደ ሌላ መርከብ ያሻግራል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ዕጣ ነው። ቲራና የምትባለውን የኖርዌይ መርከብ ማርኮ ምርኮኞችን ጭኖ ወደ ፈረንሳይ ላካት። ሴፕቴምበር 22፣ 1940 ልትደርስ ጥቂት ሲቀራት ቱና የምትባል የእንግሊዝ ሰርጓጅ መርከብ በቶርፔዶ መታቻት። ብዙ ምርኮኞች በራሳቸው ወገን ቶርፔዶ አለቁ። ሰርጓጇ ውስጥ ያሉት ምን ያውቃሉ?

ዱርሚቶር ከዚያ ቀጥላ የመጣች ናት። ኦክቶበር 22 ነው የተያዘችው። ዩጎዝላቪያ ያኔ ገለልተኛ ነበረች። አሮጌ የድንጋይ ከሰል መርከብ ናት። ከሰሉ ደግሞ ለመንገዱ አይበቃም። ወደ ሶማሊያ ስትላክ የሚጠብቋት ጀርመኖች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፣ ምርኮኞቹ ከ200 በላይ። ከሰሉ ሲያልቅ እንጨት ነቅለው አነደዱ። ከሸራ የመርከብ ሸራ ሰፍተው በነፋስ ለመሄድ ሞከሩ። ምግብና ውኃ ተመጠነ። የአንድ ወር መንገድ ሆነ። ይህን ሳነብ ማኪናዋን የያዘውን ሰው ነው የማስበው። ጉልበት የሌለው እሳት ይዞ ያንን የእንፋሎት ሞተር እንዴት እንዳዞረው እግዜር ይወቅ።

ጣሊያኖች ምርኮኞቹን መርካ ላይ አሰሯቸው። እንግሊዞች በፌብሩዋሪ 1941 ሞቃዲሾንና መርካን ሲይዙ ተፈቱ። ከዚያ ያው ጦር ነው በሐረር አልፎ ኤፕሪል 6 አዲስ አበባ የገባው። ዱርሚቶርንም እንግሊዞች ወስደው ራድዊንተር ብለው ሰይመዋታል።


ሊዲያ መ.

እሺ ጋሽ ቺፍ፣ ይህ ሙሉ መልስ ነው። መርካ የታሰሩትን ግን ሳልሰማ ኖሬያለሁ። አንድ ነገር ልጨምር። ዛምዛም የምትባል የግብፅ መርከብ አለች፣ እሷንም አትላንቲስ ናት የመታቻት። ኤፕሪል 17፣ 1941፣ ገና ሳይነጋ። ውስጧ ከመቶ በላይ አሜሪካውያን ነበሩ፣ ብዙዎቹ ከነልጆቻቸው ወደ አፍሪካ የሚሄዱ ሚስዮናውያን። አሜሪካ ያን ጊዜ ጦርነት ውስጥ አልነበረችም። ሮጌ ከቅርጿ የተነሳ የእንግሊዝ መርከብ ናት ብሎ ነው የተኮሰው። በፊት የእንግሊዝ ነበረችም። እዚያው የሞተ አልነበረም፣ ቁስለኞች ግን ነበሩ።

ከተሳፋሪዎቹ አንዱ ዴቪድ ሸርማን የተባለ የላይፍ መጽሔት ፎቶ አንሺ ነው። አትላንቲስን ከነፍስ አድን ጀልባ ላይ ሆኖ አነሳት። ጀርመኖች ፊልሞቹን ሲወስዱበት የተወሰነውን በጥርስ ሳሙናና በጢም መላጫ ክሬም ቱቦ ውስጥ ደብቆ አወጣ። ፎቶው መጽሔቱ ላይ ወጣ። ስንት ስም ስትቀያይር የኖረች መርከብ መልኳ አደባባይ ዋለ።


ቢኒ77

የሸርማን ፎቶ አንድ ነው። ግን ከሁሉም ትልቁ የአውቶሜዶን ነገር ነው ባይ ነኝ። ኖቬምበር 11፣ 1940፣ ከሱማትራ ምዕራብ። በዚያ ሰሞን በተከታታይ ሦስት ቀን ሦስት መርከብ ነው የያዙት። ኖቬምበር 9 ቴዲ፣ ኖቬምበር 10 ኦሌ ያኮብ፣ በማግስቱ አውቶሜዶን። አውቶሜዶን ራዲዮ መላክ ስትጀምር ተኮሱባት። ብሪጁ ተመታ። ካፒቴኑና አብረውት የነበሩ መኮንኖች ሞቱ። ምስጢር ወረቀት ወደ ባሕር መጣል የእነሱ ኃላፊነት ነበር። ጣይ ጠፋ።

ጀርመኖቹ ሲገቡ ከብሪጁ ጋር ባለው የካርታ ክፍል አንድ ቦርሳ አገኙ። ውኃ እንዲያስገባ ቀዳዳ የተበጀለት፣ ቢወረወር ቶሎ እንዲሰጥም የከበደ። ውስጡ የእንግሊዝ ጦር አዛዦች ስለ ሩቅ ምሥራቅ ያዘጋጁት ሪፖርት ነው፣ ሲንጋፖር ላሉት ለዋና አዛዡ ለብሩክ ፖፓም የተላከ። ፍሬ ነገሩ ጃፓን ብትመጣ የምንልከው መርከብ የለንም፣ ሆንግ ኮንግን ማዳን አንችልም የሚል ነው። ሮጌ ወረቀቱን በማረካት በኦሌ ያኮብ አስይዞ ወደ ጃፓን ላከው። ታኅሣሥ ላይ፣ ማለትም በዲሴምበር 1940፣ ጃፓኖች እጅ ገባ። በኋላ ለሮጌ የሳሙራይ ሰይፍ ሸለሙት። ከጀርመኖች ያንን ያገኙት ጎሪንግና ሮምሜል ናቸው፣ ሌላው እሱ።


ቺፍ

ቢኒ፣ ሰይፉን ለጀኔራሎች ተወው። እኔ ከኦሌ ያኮብ የሚገርመኝ ሌላ ነው። ነዳጅ የጫነች ታንከር ነበረች። ጃፓን ሄዳ ጭነቷን ለውጣ ለአትላንቲስ ናፍጣ ሆኖ የሚመለስበት መንገድ ተመቻቸ። ዳዊት ‘ነዳጅ ከየት?’ ብለህ ነበር። ከምርኮ ነው። ከሌሎች የጀርመን መርከቦች ጋር ባሕር መሀል ተቀጣጥረው ይገናኙ ነበር። ምግቡንም ከሚይዟቸው መርከቦች ነው የሚያወጡት። የማቀዝቀዣ ክፍል ያላት መርከብ ሲይዙ ሠርግ ነው።

ውኃውን ደግሞ ኬርጌለን ድረስ ሄደው ቀዱ። በካርታ ላይ ፈልገው፣ ከአፍሪካ ወደ አንታርክቲካ ስትወርድ ያለ ሰው የማይኖርበት የፈረንሳይ ደሴት ነው። ዲሴምበር 14፣ 1940 ሲገቡ በካርታ ያልተመለከተ ዐለት መታቸው። ታችዋ ተቀደደ። ወደብ የለ፣ የመርከብ መጠገኛ ዶክ የለ። ራሳቸው ጠላቂ አውርደው፣ ጭነት ወደ አንድ ጎን እያዛወሩ አላቀቋት፣ እዚያው ደፈኑት። ከፏፏቴ በቱቦ ውኃ ሞሉ። የገና በዓል ሲደርስ አንድ መርከበኛ ጭስ ማውጫውን ሲቀባ ወድቆ ሞተ። እዚያው ቀበሩት። ይኸውና የቀለም ሥራ። ለማስመሰል ሲባል ስንት ጊዜ እንደቀቡ ቁጠርና፣ አንዱ እንደሚወድቅ ታውቃለህ።

አሁን ወደ መጨረሻው ልምጣ፣ እኔን የሚያናድደኝ ቦታ እሱ ነው።

በኖቬምበር 1941 አትላንቲስ ወደ ቤቷ ለመመለስ አትላንቲክ ገብታ ነበር። የበርሊን አዛዦች ምን አዘዟት? ሰርጓጅ መርከቦችን ነዳጅ ሙይ አሏት። የዚያች መርከብ ሙሉ ጥበቧ ብቻዋን መሆኗ ነው። ማንም የት እንዳለች አያውቅም። ቀጠሮ ስትሰጣት ግን ቀጠሮው በራዲዮ መላክ አለበት። እንግሊዞች ደግሞ የሰርጓጆቹን የምስጢር መልእክት መፍታት ጀምረው ነበር። የት ቦታ እንደምትገናኝ ከእሷ እኩል አወቁ። ያ ትልቅ የነዳጅ ታንክ ሁለት ዓመት ሊሞላ ምንም ያልቀረውን ጊዜ አቆያት። በመጨረሻ ያስበላትም እሱ ነው። ማደያ አደረጓት።

ኖቬምበር 22 ጠዋት፣ ከአሴንሽን ደሴት ሰሜን ምዕራብ። ዩ 126 የምትባለው ሰርጓጅ በቱቦ ተያይዛ ነዳጅ ትቀዳለች። የሰርጓጇ አዛዥ ባወር አትላንቲስ ላይ ወጥቶ ገላውን እየታጠበ ነው። ከወራት በኋላ የመጀመሪያው ሙቅ ውኃ ይሆናል፣ አልፈርድበትም። በዚያ ላይ የግራው ሞተር ተፈትቷል። ፒስተን እየቀየሩ ነው።

እዚህ ጋ ልቁም። ባሕር ላይ ፒስተን ማውጣት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። በሥራ ዘመኔ አድርገነዋል። ሲሊንደር ሄዱን ታነሳለህ፣ ከሰው የሚበልጥ ብረት በሰንሰለት ተንጠልጥሎ ከመርከቡ ጋር ይወዛወዛል። ሁሉም ሰው ዓይኑ እሱ ላይ ነው። ያን ሰዓት ከላይ ‘ሙሉ ፍጥነት’ ቢሉህ የምትመልሰው የለህም። አንዱን ሞተር ፈተህ ሌላ መርከብ ደግሞ በቱቦ አስረህ ስትቆም፣ መርከቧ መርከብ አይደለችም።

የእንግሊዙ ክሩዘር ዴቨንሻየር አውሮፕላን ልኮ አያት። ቱቦው ተቆረጠ፣ ዩ 126 ያለ አዛዧ ጠለቀች። ሮጌ ‘ፖሊፌመስ ነኝ፣ የሆላንድ መርከብ’ ብሎ መለሰ። ኦሊቨር የሚባለው የዴቨንሻየር ካፒቴን አልቸኮለም። ራቅ ብሎ ወዲያ ወዲህ እያለ ‘እውነተኛው ፖሊፌመስ እዚህ ሊሆን ይችላል ወይ?’ ብሎ በራዲዮ ጠየቀ። አይችልም የሚል መልስ መጣለት። ተኮሰ። ከ14 ኪሎ ሜትር በላይ ሆኖ፣ የአትላንቲስ አሮጌ መድፎች ከማይደርሱበት። ሮጌ አንድ ጥይት አልመለሰም። ሰዉን አስወርዶ መርከቧን ራሳቸው ፈንጂ አጠመዱባት። ሰባት ሰው ሞተ።


ዳዊት ኬ.

ጋሽ ቺፍ፣ ዴቨንሻየር ለምን ሰዎቹን አላነሳም? ደግሞስ በዚያው ሰሞን የአውስትራሊያዋ ሲድኒ ላይ የደረሰው ነገር ከዚህ ጋር ይገናኛል?


ቺፍ

ያላነሳው ሰርጓጅ እዚያ እንዳለች ስላወቀ ነው። ቆሞ ሰው የሚለቅም ክሩዘር ለቶርፔዶ ከባድ ዒላማ አይደለም። ስለዚህ ሄደ።

ሲድኒ የሰጠመችው ከሦስት ቀን በፊት ነው፣ ኖቬምበር 19፣ ከምዕራብ አውስትራሊያ ጠረፍ ማዶ። ገጠመኙ አንድ ዓይነት ነው፣ ውጤቱ ተቃራኒ። ኮርሞራን የምትባለው አድፋጭ፣ ድሮ ሽታየርማርክ የተባለች የጭነት መርከብ፣ ‘ስትራት ማላካ ነኝ፣ የሆላንድ’ አለች። ሲድኒ እውነተኛ የጦር መርከብ ናት፤ ግን እየጠየቀች በጣም ተጠጋች። ምስጢራዊውን የጥሪ ምልክት ስትጠይቅ ዴትመርስ የሚባለው የኮርሞራን ካፒቴን ሌላ ማምለጫ አልነበረውም፤ ባንዲራውን ሰቅሎ ተኮሰ። ሁለቱም ሰጠሙ። ከሲድኒ 645 ሰው፣ አንድ እንኳን አልተረፈም። ከኮርሞራን ከ300 በላይ ተረፉ። የሁለቱ ስብርባሪ የተገኘው በ2008 ነው። ርቀት የሚባለው ነገር ይኸው ነው። ኦሊቨር የሲድኒን ነገር ሰምቶ አይደለም የራቀው፣ ዓለም ገና አላወቀም ነበር። የራሱ ጥንቃቄ ነው።

የአትላንቲስ ሰዎች ግን ታሪካቸው አላለቀም። ዩ 126 ተመልሳ ወጣች። ከ300 የሚበልጥ ሰው ውኃ ላይ ነው። ቁስለኞቹና የሚፈለጉት ባለሙያዎች ውስጥ ገቡ። ሌሎቹ የነፍስ አድን ጃኬት ለብሰው ሰርጓጇ ጀርባ ላይ ተቀመጡ፣ መጥለቅ ካስፈለገ ይዋኛሉ። ቀሪዎቹ በስድስት ጀልባ ተጎትተው። የሮጌ ውሻም አብሮ ነበር፣ ፌሪ ይባላል። ፒቶን የምትባል የጀርመን ነዳጅ አቅራቢ መርከብ መጥታ ወሰደቻቸው። ተመስገን ሲሉ፣ ዲሴምበር 1 እሷንም ዶርሴትሻየር የሚባል ሌላ የእንግሊዝ ክሩዘር ደረሰባት። ምን እያደረገች ነበር? ሰርጓጅ ነዳጅ እየሞላች! በአሥር ቀን ውስጥ ያው ስህተት። እንደገና ጀልባ ላይ። በመጨረሻ የጀርመንና የጣሊያን ሰርጓጆች ተከፋፍለው ጭነው በዲሴምበር መጨረሻ ፈረንሳይ ሴን ናዜር አደረሷቸው። 

ሮጌ ከጦርነቱ በኋላ በምዕራብ ጀርመን ባሕር ኃይል አድሚራል ሆኖ አገልግሏል። የሞተው በ1982 ነው።


ዳዊት ኬ.

በጣም አመሰግናለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ፣ ከዚያ አልጨቀጭቃችሁም። ምፅዋ ላይም የጀርመን መርከቦች ነበሩ ይባላል። አትላንቲስ ጋ የሚያገናኛቸው ነገር አለ?


ቺፍ

አለ እንጂ። ጦርነቱ ሲጀመር ምፅዋና ኪስማዮ ገብተው የቀሩ የጀርመን የንግድ መርከቦች ነበሩ። እንግሊዞች በ1941 መጀመሪያ ሲጠጉ መውጣት የቻለ ወጣ። ታነንፌልስ፣ እሷም የሃንዛ መርከብ ናት፣ ከኪስማዮ አምልጣ በፌብሩዋሪ ከአትላንቲስ ጋር ባሕር ላይ ተገናኘች። ኮቡርግ ደግሞ ከምፅዋ ወጣች። አትላንቲስ ከያዘቻት ኬቲ ብሮቪግ ከምትባል የኖርዌይ ታንከር ጋር ሳለች ማርች 4፣ 1941 የአውስትራሊያና የኒው ዚላንድ ክሩዘሮች አገኟቸው። ኮቡርግም ኬቲ ብሮቪግም ሰጠሙ።

ጣሊያኖችም ከምፅዋ ራምብ 1ን ልከዋል። ሙዝ ማመላለሻ የነበረች መርከብ ናት፣ መድፍ ገጥመውላት አድፋጭ አደረጓት። ፌብሩዋሪ 27 ማልዲቭስ አካባቢ ሊያንደር የሚባለው የኒው ዚላንድ ክሩዘር መታት። አንድ መርከብ እንኳን ሳትይዝ።

ስፔይባንክ የምትባለዋ ምርኮ ግን ራሷን የቻለ ጉድ ናት። አትላንቲስ በጃንዋሪ 1941 መጨረሻ ያዘቻት፣ ፈረንሳይ ደረሰች፣ ዶገርባንክ ተብላ ፈንጂ ዘሪ ሆነች። በማርች 1943 ከጃፓን ስትመለስ የራሳቸው የጀርመን ሰርጓጅ የእንግሊዝ መርከብ መስላው አሰጠማት። ከ365 ሰው የተረፈው አንድ ነው። ስለ እሷ ማውራት ከፈለጋችሁ ሌላ ክር ክፈቱ፣ እዚህ ከጨመርኩ አይበቃንም።